አንቺ ማለት ሲያምረኝ

መስከረም 14

ክቡር ረጂያችን ሆይ፣

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በእርስዎ ደግነት እጅግ በጣም ደህና ነን።

ሳቅሽ አይደል? እኔም ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው የነቃሁት። ወረቀቱን ስዘረጋው እጄ እኔን ሳያማክር የሚያውቀውን ጻፈ። ምን ይደረግ፣ እትዬ ሥርዓት በማሳደጊያው ደብዳቤ ያስተማሩን ለረጂዎች ምስጋና እያስጻፉ ነው። ለጓደኛ እንዴት እንደሚጻፍ ማን አሳየን? አንቺና እኔስ መቼ ተለያይተን እናውቃለን? እንግዲህ እንደ አዲስ ልጀምር።

ጭራሮዬ፣ እንደምን አለሽ? እንደደረስኩ እጽፋለሁ ብዬ ጠፋሁብሽ፤ አትቀየሚኝ። መጀመሪያ የምጽፈው አጣሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ በዝቶ ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ።

አዎ፣ እናቴ ናቸው። በዚህስ ጥርጥር የለም። አገጫችን አንድ ነው፣ ጆሯችን አንድ ነው፣ ቀስ ብለው ሲያወሩ እንኳ ድምፃቸው ጎረቤት ይሰማል። እናንተ "ደወል" ብላችሁ ያወጣችሁልኝ ስም ለካ የዘር ነው! ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ግን አይታዘዝላቸውም። በሽታው ድንገት ነው የጣላቸው፤ ልጅ እንዳላቸው ለሰው የተናገሩትም ያኔ ነው። ለማሳደጊያው ጽፋ ያፈላለገችኝ ጎረቤታቸው ባለሱቋ ናት።

የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት የአልጋውን እግር ይመታል፣ ስለዚህ የሚገባ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ አንኳኩቶ ይገባል። በመስኮቷ የሚታየው ባዶ የለስላሳ ሣጥን ብቻ ነው። እኔ ከአልጋው አጠገብ ፍራሽ አንጥፌ እተኛለሁ። አንቺ ከላይ እኔ ከታች ሆነን ያደግንበትን ተደራራቢ አልጋ ስለለመድኩ፣ ጠዋት ሳልነቃ እግርሽን ልጎትት እጄን ወደ ላይ እሰዳለሁ። የሳቸውን ብርድ ልብስ እጎትታለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገርሽ። በሩ ላይ ቆሜ "እንደምን ዋሉ?" አልኳቸው። በደህናው እጃቸው እየጠሩኝ "ነይ እናቴ፣ ነይ" አሉኝ። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። እናታቸው የመጡ መስሎኝ! ባለሱቋ በሳቅ ሞተች። እናት ልጇን "እናቴ" ብላ ስትጠራ መንገድ ላይ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ለኔ ይባላል ብዬ ግን አስቤው አላውቅም።

ከዚያ እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። "እርስዎ አትበይኝ። ባዳ አታድርጊኝ። አንቺ በይኝ" አሉ። እኔም ምን ብል ጥሩ ነው? "እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ" አልኳቸው።

አልሳቁም።

ደወል

ጥቅምት 3

ደወልዬ፣

ረጂሽ ነኝ፤ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ የላክሁልሽን ሳሙናና ደብተር በአግባቡ እንደምትጠቀሚበት ተስፋ አደርጋለሁ። ይኸው እኔም ቀለድኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የቀለድኩት የመጀመሪያ ቀልድ ስለሆነ ብታመሰግኝኝ አይከፋም።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ ስለኔ ላልሽው፣ እዚያው ማሳደጊያው ስፌት ክፍሌ ነኝ። ዘንድሮ አዲስ አንሶላ አልመጣም፤ መሃሉ የሳሳውን ሁሉ ለሁለት እየቀደድኩ፣ ዳርና ዳሩን ወደ መሃል አምጥቼ እገጥመዋለሁ። ልጆቹ ስፌቱ ጀርባቸውን ይቆረቁራቸዋል። እኛንም ይቆረቁረን ነበር፤ ያሳደገን ቁርቁራት ነው እላቸዋለሁ። አይስቁልኝም።

እትዬ ሥርዓትን ጠይቀሻል። ደህና ናቸው። ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ከክፍላቸው አይወጡም እንጂ ሌላ ምንም የለም። ሰላምታሽን አድርሻለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። "ምላሴ ለምን እንቢ አለኝ" ብለሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ? ሌላው ቢረሳ አንቺ ትረሻለሽ? በር ላይ ቆመሽ ስታለቅሺ እትዬ ሥርዓት በእጃቸው ይዘው ያስገቡሽ ቀን ለሰው ሁሉ አንቺ ነበር የምትይው። ለሞግዚቶቹ አንቺ፣ ለጥበቃው አንተ፣ ለሐኪሙ አንተ። ምግብ ቤት ገብተሽ እትዬ ሥርዓትን ራሳቸውን "አንቺ፣ ውሃ ስጪኝ" አልሻቸው። አዳራሹ በሙሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። እሳቸውም "ሥርዓት!" አሉ፤ ስማቸው የወጣበት ቃል። "ትልቅ ሰው እርስዎ ነው የሚባለው። እርስዎ እስክትይ ውሃ የለም።" አንቺ ደግሞ ግትር ነሽ፣ ማን ያሸንፍሻል። ሳትጠጪ ዋልሽ።

የልብስ ማስጫው ጥግ ቁጭ ብለሽ አገኘሁሽ። በኩባያ ውሃ ይዤልሽ ነበር። "አንቺ ማለት ካማረሽ እኔን በይኝ" አልኩሽ። እኔ እንደሆነ ጨርቅ ተጠቅልዬ የመጣሁ ነኝ፤ ማንን ምን ማለት እንዳለብኝ ከሳቸው ነው የተማርኩት፣ አንቺን የነጠቀኝ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ስንመለስ እዚያው ጥግ ትቀመጪና የዋጥሽውን ሁሉ እኔ ላይ ታራግፊ ነበር። አንቺ፣ ፀጉሬን አበጥሪልኝ። አንቺ፣ ሆዴን አመመኝ። አንቺ፣ እዚህ ጋ ተመታሁ፣ እፍ በይልኝ። እኔም ምኑንም ሳላውቅ እሺ፣ እሺ እያልኩ እቀበልሻለሁ።

አንዱ ብቻ ይከብደኝ ነበር። "አንቺ፣ መቼ ነው የምትመጪው?" ትይኝ ነበር። ለኔ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። ቢሆንም "ነገ" እልሽ ነበር።

እንግዲህ ያ አንቺ የሳቸው ነው፣ ለኔ በአደራ ነው የተሰጠኝ። መልሺላቸው። በደብዳቤሽ እንኳ "እሳቸው፣ ናቸው፣ አሉ" እያልሽ ትጽፊያለሽ እኮ፤ ስለ ርዕሰ መምህራችን የምታወሪ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ጭራሮሽ

ኅዳር 9

ጭራሮዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ባንድ ቀን ደረሱኝ፤ ስለዚህ ባንዴ ልመልስ። ለምን እንደተዉሽ ጠይቂያቸው ላልሽው፣ አልጠየቅኳቸውም። እንዴት እንዳልጠየቅኳቸው እኔም አላውቅም። "ለምን ተውሽኝ" ለማለትም እኮ መጀመሪያ አንቺ ማለት ያስፈልጋል። "ለምን ተዉኝ" ሲባል ቅሬታ ሰሚ ፊት የቀረብኩ ይመስላል።

ሥራ አግኝቻለሁ፤ እንደ ማሳደጊያው ጊዜ ላውንደሪ ውስጥ ነው፣ ካውያ ቤት። አለቃችን ኮሌታ ሳይተኮስ እጅጌ የነካ ሰው ካየች ትጮሃለች። በዕቃ ላይ ተለማመጂ ያልሽውን ሰምቼ በሸሚዞቹ ላይ ተለማመድኩ። "አንቺ፣ ዙሪ። አንቺ፣ ምነው ተጨማደድሽ።" ሸሚዞቹ ደህና ይታዘዙኛል። አለቃዬ ግን "ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?" አለችኝ። ከእናቴ ጋር አልኳት። ሌላ ሸሚዝ አቀበለችኝ።

ቤት ስገባ ግን ይጠፋኛል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። እርስዎም እንዳልል ያዝናሉ፣ አንቺም እንዳልል አልችልም፤ ስለዚህ ሌላ ቋንቋ ፈጠርኩልሽ። "ምሳ ይቅረብ?" "ውሃ ይፈለጋል?" "ትራሱ ከፍ ይበል?" "ደህና ታደረ?" እላለሁ። እሳቸውም አንድ ቀን ለባለሱቋ "ልጄ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ነው የምታናግረኝ" አሏት። ሦስታችንም ሳቅን። እሳቸው እየሳቁ ዓይናቸው ሞላ፣ እኔ ሾርባው ሊፈስ ነው ብዬ ወጣሁ። የሚፈስ ሾርባ አልነበረም።

ላንቺ አልደብቅሽም፤ ሁልጊዜ ምላሴ አይደለም። አንዳንዴ ልቤ ነው። ገላቸውን ሳጥብ፣ ጥፍራቸውን ስቆርጥ፣ "የኔን ፀጉር ያበጠረችው ጭራሮ ናት" የሚል ነገር ይመጣብኛል። ትኩሳት የያዘኝ ጊዜ ራስጌዬ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ሴት የሆንኩ ቀን ደንግጬ የሮጥኩት ወዳንቺ ነው፤ አንቺም እንደኔው ምንም አታውቂም ነበር፣ አብረን አለቀስን። ታዲያ በምን ዕዳዬ ነው በአንድ ጊዜ አንቺ የምላቸው? እንዲህ አስባለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ተኝተው አገጬን እሳቸው ላይ አየዋለሁ፣ ብርድ ልብሱን አለብሳቸዋለሁ።

ሐኪሙ የነገረኝን ለሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ላንቺ ልንገርሽ። "ይሄ ነገር ይመለሳል። ዳግመኛ ከመጣ ወይ ንግግራቸውን ወይ ልባቸውን ይዞት ይሄዳል" አለኝ። ልባቸውን ማለቱ ሰው መለየቱን ነው። መቼ እንደሆነ አይታወቅም። እንግዲህ ጊዜ የለኝም ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልላቸው እፈልጋለሁ። እየሰሙኝ። እኔ መሆኔን እያወቁ።

እትዬ ሥርዓት ጉንፋናቸው ተሻላቸው? እንዲህ ያለውን ነገር ብጠይቃቸው አንድ መላ አያጡም ነበር። ቃሉን የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ፈቃዱንም እሳቸው ይስጡኝ።

ደወል

ኅዳር 30

ደወልዬ፣

አጭር ነው የምጽፍልሽ፤ የልጆቹ ሹራብ ክርኑ ሁሉ ተቀዶ ክምር ሆኖ ይጠብቀኛል።

"ምን ሆነሻል፣ ደብዳቤሽ ቀዘቀዘ" ብለሻል። አልቀዘቀዘም። ደህና እሺ፣ ቀዝቅዟል። ቀናሁብሽ። አንቺ "አንቺ ማለት አቃተኝ" ብለሽ ስታለቅሺ፣ እኔ አንቺ ማለት የሚያቅተኝን ሰው እንኳ አላገኘሁም። ለኔ ባለሱቅ አትጽፍልኝም። አሁን ወጣልኝ፤ ደግመሽ እንዳታነሽው፣ እኔም አላነሳውም።

ደግሞ ያሳቅሽኝን ልመልስልሽ። ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባች አንዲት ሚጢጢ ስፌት ክፍሌ መጥታ "አንቺ፣ ያ ቁልፍ ለኔ ነው?" አለችኝ። ሥርዓት! ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ማን ሆንኩ ብዬ ተውኩት። ቁልፉን ሰጠኋት። አሁን በየቀኑ ትመጣለች፤ አንቺን ታራግፍብኛለች፣ እኔም እሺ፣ እሺ እላታለሁ። እጄ ላይ የቆየ ሥራ ነው፣ አልረሳሁትም።

እትዬ ሥርዓት ያው ናቸው። ደህና ናቸው።

ጭራሮ

ታኅሣሥ 21

ጭራሮዬ፣

የምትናዘዢው ለኔ ነው እንዴ? ተይ። ብትቀኚ ቅኝ፤ እኔ ብሆን ጠጉሬን እነጭ ነበር። ደግሜ አላነሳውም።

ይልቅ ነገሩን ስሚ። እኔ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ትናንት እጃቸውን በሞቀ ፎጣ እየፈተግኩ ድንገት "ጫማዋ ጠባ ነበር?" አሉኝ። የምን ጫማ አልኩ። "ቀይዋ፣ መቆለፊያ ያላት።"

በሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። አሠሪያቸው "ወይ ልጅሽን ወይ ሥራሽን" አሏቸው። አንዲት ክፍል እስኪከራዩ ብለው ነው እኔን በር ላይ የተዉኝ፤ ለጊዜው። ለጊዜው ዓመት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ከዚያ ክፍሏን ተከራዩ። ይህችኑ ክፍል፣ ጭራሮዬ፣ ይህችኑ በሯ አልጋ የምትመታዋን። ጫማ ገዝተው ሊወስዱኝ መጡ።

የመጡት የእንግዳ ቀን ነበር። እኛ እንደለመድነው በሰልፍ ቆመን "እንኳን ደህና መጡ!" አልን። እሳቸው ከሰልፉ መሃል አወቁኝ፣ ፊቴ ቀረቡ። እኔም እትዬ ሥርዓት እንዳስተማሩኝ እጄን አጣምሬ ዝቅ ብዬ፣ "እንደምን ዋሉ? እርስዎ ረጂያችን ነዎት?" አልኳቸው።

"አዎ፣ ረጂ ነኝ አልኩሽ" አሉኝ።

ምን ይበሉ? አንቺ እያልኳቸው ነበር የተዉኝ። "እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ፣ ንጹሕ ለብሳ፣ ረስታኛለች። ወስጄ ከአንድ አልጋ ሥር ላስተኛት? ብዬ አሰብኩ። ጫማውን ሰጥቼሽ 'ረድቻለሁ' ብዬ ወጣሁ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። እርስዎ አትበይኝ ያሉኝ ለዚህ ነው። ያቺ ቃል ናት ከበሩ የመለሰቻቸው።

እኔ ያን ቀን አላስታውስም፤ ጫማዋን ግን እንደ ሕልም አስታውሳለሁ። አንቺስ? አልበቃ ብላኝ ለማን ሄደች?

ፎጣው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ያኔ ልላቸው ይገባኝ ነበር። ጊዜው እሱ ነበር፣ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይመጣም። አፌን ከፈትኩ፣ "ፎጣው ይሙቅ?" አልኩ።

ደወል

ጥር 12

ደወልዬ፣ እህቴ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ቀይዋን ጫማ ያደረግኳት እኔ ነኝ። አንቺን ጠበበችሽ፤ ልጅ ሁሉ ሞከራት፣ ለማንም አልገባ አለች። እኔ ቀጭን ነኝና ተረከዜን እየላጠችኝም ቢሆን ገባችልኝ። ሁለት ክረምት አድርጌአታለሁ። ጫፏ ሲቀደድ ጣቴ እየታየ አልጥልም ብዬ እትዬ ሥርዓት በግድ ነው የነጠቁኝ። ለምን እንደወደድኳት አላውቅም ነበር። በማሳደጊያው የገባ ዕቃ ሁሉ በጅምላ ነው የሚመጣው፤ እሷ ብቻ ናት ባንድ እግር ልክ ታስባ የተገዛች። ያንቺን እናት ጫማ ነበር ለካ ያደረግኩት። እናት ምን እንደምትመስል እኔ የማውቀው በተረከዜ ነው።

አሁን ሌላውን። እትዬ ሥርዓት ሞተዋል።

ጉንፋን ያልኩሽ ጉንፋን አልነበረም። መጀመሪያ የጻፍኩልሽ ጊዜ ሳንባቸው ታሞ ተኝተው ነበር፤ በኅዳር ስጽፍልሽ ቀብረናቸው ተመልሰን ነበር። ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ፣ ደጋግሜ "ደህና ናቸው" አልኩሽ። ብነግርሽ ትመጫለሽ፤ ብትመጪ እናትሽን ማን ያገላብጥልሻል? አውቄ ነው ያደረግኩት። መቀየም መብትሽ ነው። ግን ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ ነው፤ ዘመድ ከዘመዱ መርዶ ይደብቃል አይደል? እኛ ዘመድ ስለሌለን እንዴት እንደሚደበቅ እንኳ በደንብ አላወቅሁበትም። ያን ሁሉ ጊዜ ጉንፋን የሚባል በሽታ የት አለ።

"ምላሴ ለምን እንቢ አለኝ" ያልሽውን አድርሼላቸው ነበር፤ ገና ጥቅምት ላይ ሳሉ፣ ትራሳቸውን ስቀይርላቸው። "ደወል አንቺ ማለት አቅቷታል፣ ለምን ነበር የከለከሏት?" አልኳቸው። "ልጅ አንቺ ያለው ሰው የሚለየው አይመስለውም" አሉኝ። "እኛ ደመወዝተኞች ነን፣ ዛሬ አለን ነገ የለንም። እርስዎ ብሎ የለመደ ልጅ ስንሄድበት አይሰበርም ብዬ ነው።" ከዚያ ሳሉ። እንደምታውቂው እሳቸው የትም አልሄዱም፤ እኛን ሲያሳድጉ ጠጉራቸው ነጣ።

የመጨረሻ ልብሳቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጠርዙን ስዘመዝም አንዴ፣ አሁን እንኳን፣ አንቺ ልበላቸው ብዬ አሰብኩ። "ሥርዓት!" የሚሉኝ መሰለኝና ተውኩት። "ደህና ይሁኑ" አልኳቸው። ደወልዬ፣ እርስዎ ብዬም ተሰበርኩ። አልሠራም ዘዴያቸው።

ጭራሮሽ

ጥር 29

ጭራሮ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ነው። ባለሱቋ ናት ያመጣችልኝ። ስለ እትዬ ሥርዓት አላለቀስኩም፤ የማለቅስበት ሌላ ነገር ይዞኛል፣ ለሳቸው በተራቸው አለቅሳለሁ። አልተቀየምኩሽም። ብትነግሪኝ መጥቼ ነበር፣ ልክ ነሽ።

ዳግመኛ መጣባት። ጠዋት ሥራ ልሄድ ጫማዬን ሳስር "ነይ እናቴ፣ ኮትሽን ልቆልፍልሽ" አለችኝ። ረፍዶብኝ ነበር፣ "ማታ ይቆለፋል" ብዬ ወጣሁ። ከካውያው ላይ ነው የጠሩኝ።

ንግግሯ አልሄደም። ሌላው ነው የሄደው። ባለሱቋን አላወቀቻትም፣ ክፍሏን አላወቀችም፣ እኔን አላወቀችኝም።

"እሷ" እያልኩ እንደምጽፍ አሁን አየሁት። አላርመውም።

ደወል

የካቲት 18

ጭራሮዬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ ቤት ገብተናል። ሐኪም ቤት የሚጨምርላት ነገር የለም አሉን። አለቃዬ የሠፈሩን ሸሚዝ ቤት እያመጣችልኝ እተኩሳለሁ፤ ካውያው ሲተነፍስ እናቴ ዝናብ ነው ብላ ትሰማለች።

"አወቀችሽ ወይ" ብለሽ በየደብዳቤሽ ትጠይቂኛለሽ። ሳልመልስልሽ የቆየሁት መልሱን እኔም ስለማላውቀው ነው። የሆነውን እንዳለ ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ።

ከሐኪም ቤት እንደተመለስን በእንግዳ ወግ ነበር የምትቀበለኝ። ስገባ ለመነሳት ትሞክራለች። "ይቀመጡ እንጂ። ምነው ቆሙ?" ትለኛለች። ሾርባ ሳጎርሳት "እግዜር ይስጥልኝ፣ አስቸገርኩዎት" ትላለች። እናቴ እኮ ናት፣ እኔን እርስዎ የምትለኝ! መቀጣቴ ነው ብዬ ወጥቼ የለስላሳ ሣጥኖቹ መሃል አለቀስኩ።

አንድ ቀን ፀጉሯን እያበጠርኩላት ዞር አለችና ፊቴን በደንብ አየችው። አገጬን በደህናው እጇ ነካ አደረገች። "ደግ ሰው ነዎት። ለመሆኑ የማን ልጅ ነዎት?" አለችኝ።

"ያንቺ" አልኳት።

ጭራሮዬ፣ ሳላስበው ነው የወጣው። ምላሴ ሳያስተጓጉለኝ፣ ልቤ ሳይከራከረኝ። ስንት ወር ስጠብቀው የነበረው ቃል እንዲህ ቀላል ነበር። "ያንቺ ነኝ። ያንቺ ልጅ። አንቺ ነሽ የወለድሽኝ" አልኳት፤ ያጠራቀምኩትን በሙሉ አራገፍኩት።

እሷም ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እንዳታስቀይመኝ ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ ነው የተናገረችው። "አይ፣ አይደሉም። የኔዋ ልጅ አንቺ አትለኝም። እርስዎ ነው የምትለኝ። ጨዋ ናት፣ በሥርዓት ነው ያሳደጉልኝ" አለችኝ።

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም። ምናልባት ያንቺ ደብዳቤ ነው፤ "እርስዎ ብዬም ተሰበርኩ" ያልሽው። በሩን ገፋሁት፣ አልጋውን መታ፤ እዚያው ቆምኩ፣ እንደ እንግዳ ቀን እጄን አጣመርኩ። "እንደምን አደሩ? እርስዎ ውሃ ይፈልጋሉ?" አልኳት።

ፊቷ እንዴት እንደበራ ልነግርሽ አልችልም። "መጣሽ?" አለችኝ። "ነይ እናቴ፣ ነይ። የት ቆየሽ? አንዲት ደግ ሴትዮ ስታስታምመኝ ነበር፣ ሳታገኛት ሄደች።"

በዚህ ጊዜ ግን ኋላዬን ዞሬ አላየሁም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ እርስዎ ነው የምላት። ሳልረሳ፣ ሳላሳስት፣ በየዓረፍተ ነገሩ። እርስዎ ስላት ታውቀኛለች፤ ካመለጠኝ እንግዳ እሆንባታለሁ። ለዚያ ሁሉ ረጂ በደብዳቤው ግርጌ "ልጅዎ" እያልን ስንፈርም የኖርነው ቃል ለካ አንዲት ትክክለኛ ሰው ነበረችው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ብዙ አትቆይም ብሎኛል። ትቆይልኝም አትቆይልኝም በእርስዎ እሸኛታለሁ።

እናም አንቺ እንደገና ምላሴ ላይ ቀረ። ቀኑን ሙሉ እየዋጥኩ እውላለሁ፣ የማራግፍበት ጥግ የለኝም። አሁንም እንደ ድሮው ወዳንቺ መጣሁ። አንቺ፣ ሆዴን አመመኝ። አንቺ፣ ፀጉሬን የሚያበጥርልኝ የለም። አንቺ፣ እዚህ ጋ ተመታሁ፣ እፍ በይልኝ።

አንቺ፣ መቼ ነው የምትመጪው?

ደወልሽ

የካቲት 26

ደወልዬ፣

ነገ።

የዛሬዋ ነገ የእውነት ናት፤ ለስፌት ክፍሉ ሰው ተክቻለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። ይህችን ወረቀት ቀድማኝ እንድትደርስ ለሹፌሩ ነው የሰጠሁት። እናትሽን ምን ብዬ እንደምጠራቸው አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ እስከዚያው ጫማዋ ልክ ነበረች ብለሽ ንገሪልኝ።

ጭራሮሽ